ስድስተኛዋ የኮት ቁልፍ

የምስራች የአሥር ዓመት ልጅ ነች። ቤቷ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። ከእናቷ ከወይዘሮ ደጊቱ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ። እናቷ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳለች፤ ማታ ትመለሳለች። ስትመለስ ፀጉሯ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። የምስራች እሱን እየለቀመች የቀኑን ወሬ ታወራላታለች።

የምስራች ጎበዝ ልጅ ነበረች። በትምህርቷም፣ በቤት ሥራም ማንም አይወቅሳትም። ነገር ግን ሰው ፊት ስትቆም ልቧ ድው ድው ይላል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ወረቀት ከያዘች ወረቀቱ ኮሽ ኮሽ እያለ ያጋልጣታል። ድምፅዋ ደግሞ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል። ጥፍሮቿንማ በልታ ጨርሳቸዋለች!

ልጆች፣ ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚሆን አለ? ግድ የለም፣ እጅ አታውጡ። ከታላላቆቻችሁም መካከል ብዙ አሉ፤ አይነግሯችሁም እንጂ።

አምና በሰንበት ትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል ላይ የምስጋናውን ንባብ በቃሏ እንድትል ተመርጣ ነበር። ወጣች። «አቤቱ» አለች። ቀጥሎ ያለው ጠፋባት። እንደገና «አቤቱ» አለች። ሦስተኛ ጊዜ «አቤቱ» ስትል ከኋላ አንድ ልጅ ኪኪ ብሎ ሳቀ። የምስራች ከመድረኩ ወርዳ ሮጠች። በዓሉ እስኪያልቅ ድረስ ከደወል ቤቱ ጀርባ ተደብቃ አለቀሰች።

ዘንድሮ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህርት ሸዋዓለም እንደገና ጠሯት።

«የምስራች፣ ዘንድሮም ንባቡ ያንቺ ነው።»

«መምህርት፣ እኔ አልችልም።»

«ገና ሦስት ሳምንት አለ። የጥር የመጨረሻው እሁድ ነው። ትችያለሽ።»

የምስራች እሺ አለች። እሺ ያለችው በአፏ ብቻ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌሊት ሳይቀር ያ የኪኪ ሳቅ ይሰማት ነበር።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ እስክትመጣ ድረስ የምትቆየው ጋሽ ሱሌማን ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ሱሌማን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። መነፅራቸው አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በክር ታስሯል። ስፌት መኪናቸውን እንደ ሰው ያናግሯታል። «አይ አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይሏታል ክር ስትበጥስባቸው። በተለይ የሚታወቁት ኮት በመገልበጥ ነው። ከላይ የደበዘዘ ኮት ይፈቱና፣ ፀሐይ ያላየውን የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው እንደ አዲስ ይሰፉታል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚችል ብዙ ሰው የለም፤ ስለዚህ ከኮምቦልቻም ከቦሩ ሜዳም ሰው ይመጣባቸዋል።

ጋሽ ሱሌማን ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ትልቅ ጣሳ አላቸው። ጣሳው ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ አለ፣ የቀሚስ ቁልፍ አለ፣ የኮት ቁልፍ አለ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። የምስራች ጥፍሯን ስትበላ ባዩ ቁጥር ጣሳውን ወደ እሷ ይገፉላታል።

«ጥፍርሽን ከምትበዪ ቁልፎቹን ለይልኝ፣ ሆዴ። ተጫወቺባቸው። ሲበቃሽ ወደ ቦታቸው መልሺልኝ።»

የምስራች እጇን ጣሳው ውስጥ ትከታለች። ቁልፎቹ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። በጣቶቿ መካከል ሾልከው ይወርዳሉ። ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ጋር ስታደርግ ያ ሳቅ ቀስ በቀስ ይርቃታል። ቁልፎቹን እየለየች ንባቡን ስታጠናም ሳትሳሳት ትወጣዋለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ብቻ ደስ ይላታል።

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ቀን፣ ከጣሳው አጠገብ አንዲት የስኒ ማስቀመጫ አየች። ውስጧ ስድስት ቡናማ የኮት ቁልፎች ተቀምጠዋል። ከቀንድ የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካ የሠራቸው አይመስሉም፤ ጠርዛቸው ላይ የቢላ ምልክት ይታያል። የምስራች አንድ በአንድ ነካካቻቸው። አምስቱ ሻካራ ናቸው። ስድስተኛዋ ግን ለየት አለችባት። ለስላሳ ነች። መሐሏ ጎድጎድ ብላለች። አውራ ጣቷን ብታሳርፍባት ልክክ አለች።

«ይቺ ብቻ ምን አለሰለሳት?» ብላ አሰበች።

በዚያው ቅጽበት የሰርቪሱ ጥሩንባ ከውጭ ተሰማ። እናቷ መጣች። ጋሽ ሱሌማን ጀርባቸውን ሰጥተው በካውያ ይተኩሳሉ። የምስራች ቁልፏን ማስቀመጥ ነበረባት። ጣቷ ግን እምቢ አለ። ወደ ዩኒፎርሟ ኪስ ሸርተት አደረገቻት።

«አንድ ቁልፍ ምን አላት? ጣሳው ሙሉ አይደለም እንዴ?» አለች በልቧ።

ልጆች፣ ይቺን «ምን አላት» የምትባል ቃል ተጠንቀቁ። ስንት ጥሩ ልጅ አሳስታለች መሰላችሁ!

ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበር። የምስራች ግራ እጇን ኪሷ ከታ ቁልፏን በአውራ ጣቷ እያሻሸች ሠራች። ልቧ አልደነገጠም። ቁጥሮቹ አልተምታቱባትም። ረቡዕ ማታ በሰንበት ትምህርት ቤት የልምምድ ጊዜ ነበር። ቁልፏን በመዳፏ ጨብጣ ንባቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው። መምህርት ሸዋዓለም ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩዋት።

«ይህ ሁሉ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

የምስራች ፈገግ አለች። «እሁድ ይቺ አብራኝ ካለች አልፈራም» አለች ለራሷ። ጥርም አማረላት፣ የደሴ ብርድም ቀለላት።

ሐሙስ ግን ሱቅ ስትደርስ ጋሽ ሱሌማንን በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኘቻቸው። ከስፌት መኪናዋ ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በእጃቸው ያበጥራሉ። መጥረጊያው አጠገባቸው ወድቋል። ጣሳው ምንጣፍ ላይ ተዘርግፏል።

«የምስርዬ፣ እንኳን መጣሽ። ያንቺ ዓይን ይሻላል። ከቀንድ የተሠራች አንዲት ቡናማ ቁልፍ አላየሽልኝም?»

የምስራች እጇን ኪሷ ከተተች። ቁልፏ እዚያው ነች።

«አ… አላየሁም» አለች።

ጋሽ ሱሌማን አልተጠራጠሩም። ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። «አንቺ ካላየሻትማ እዚህ የለችም ማለት ነው» አሉ። የምስራች እንዲህ ከሚያምኗት ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

የቁልፏን መጥፋት እናቷ ከጋሽ ሱሌማን ሰምታ ስለነበር፣ የምስራች ማታ ነገሩን ሁሉ ከእሷ ሰማች። ቁልፎቹ የሚሰፉበት ኮት የቀለሙ ነው። ቀለሙ ከእናቷ ጋር አንድ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ነው። አገሩ ቦሩ ሜዳ ነው፤ ሠርጉም የፊታችን እሁድ እዚያው ነው። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። ለሠርጉ አዲስ ሱፍ መግዛት አልፈለገም። የአባቱን ኮት አስገልብጦ ሊለብስ ነው። ቁልፎቹን አባቱ ራሳቸው ከበሬ ቀንድ ጠርበው ነው የሠሯቸው።

«እንግዲህ ያችን ከየት ያመጡለታል?» አለች ወይዘሮ ደጊቱ ራሷን እየነቀነቀች። «ጋሽ ሱሌማን ዘንድ ውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ። የእጃቸው ነገር አያሳስብህም ብዬው ነበር። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

የምስራች እራት አልበላ አላት።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሽ ሱሌማን ሱቃቸውን ዘግተው ኮምቦልቻ ወረዱ። የሚመስል ቁልፍ ፍለጋ ገበያውን ዞሩት። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ጉልበታቸውን እያሻሹ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቡናማ ቁልፎች ይዘው ነበር። አንዳቸውም ከአምስቱ ጋር አይመሳሰሉም።

«ወላሂ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሰፋ የሰው ንብረት ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። መኪናዋን እንኳ አላናገሯትም።

በዚያው ማታ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። የምስራች ቁልፏን እንደ ረቡዕ ዕለት ጨበጠቻት። «አቤቱ» አለች። ልቧ ድው ድው አለ። አሻሸቻት። ይባስ ብሎ ድው ድው አለ። ቁልፏ ያው ለስላሳ ነች፤ ጎድጓዳዋም አልተለወጠም። የምስራች ግን በነካቻት ቁጥር የሚታያት የጋሽ ሱሌማን ጉልበት ነበር። ንባቡን ከመሐል አቋረጠችው።

«አመመሽ እንዴ?» አሉ መምህርት ሸዋዓለም።

«አዎ» አለች። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ልጆች፣ አሁን የየምስራችን ጭንቀት አስቡት። ብትመልስ ሌባ ልትባል ነው፤ እሁድም ባዶ እጇን ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልትቆም ነው። ባትመልስ ደግሞ ቀለሙ ቁልፍ የጎደለውን የአባቱን ኮት ሊለብስ ነው። ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት አንድ ዘዴ መጣላት። ቁልፏን ማንም ሳያይ ጣሳው ውስጥ ትጨምራታለች። ጋሽ ሱሌማን ኋላ «ለካ እዚህ ነበረች!» ይላሉ። ማንም ምንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ዘዴ ሲመጣ ብልህነት ይመስላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቅ ገባች። ጋሽ ሱሌማን ኮቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የተገለበጠው ኮት አዲስ ሆኗል። አምስት ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ተሰፍተዋል። ከታች አንድ ቦታ ባዶ ነው። የምስራች ቀስ ብላ ወደ ጣሳው ተጠጋች። እጇን ከኪሷ ልታወጣ ስትል አንድ ረጅም ወጣት በሩን ሸፍኖ ቆመ። ፀጉሩን ገና መስተካከሉ ነው። ቀለሙ ነበር።

«እንዴት አረፈዱ ጋሽ ሱሌማን? ኮቴ ደረሰ?»

ጋሽ ሱሌማን ተነሥተው ቆሙ። ታላቅ ሰው ሆነው ሳለ አቀረቀሩ።

«ቀለሙ ልጄ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅርታ። አንድ ቁልፍ ጠፋብኝ። ያልፈለግሁበት የለም።»

ቀለሙ ወደ ኮቱ ሄደ። ጣቱን ከላይኛው ቁልፍ ጀምሮ ወደ ታች አወረደ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የታችኛዋ ነች?»

«የታችኛዋ ነች።»

«ግድ የለም፣ ጋሼ። እርስዎ ምን ያድርጉ? ይጠፋል። በእጄ ሸፈን አደርገዋለሁ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልወጣለትም። «አይ፣ ብቻ… ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ ሰው ሲበዛ እፈራ ነበር። አባቴ በሁለት እጁ ሸክም ይይዛል። ‹ኮቴን ያዝ› ይለኛል። ቁመቴ የሚደርሰው የታችኛዋ ቁልፍ ላይ ነበር። እሷን ይዤ በአውራ ጣቴ እያሻሸሁ ገበያውን እናቋርጣለን። ዓመት ከዓመት! እሷ ብቻ ከሁሉም ለስልሳ አላዩዋትም? ነገ ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ… እሷን ልይዝ አስቤ ነበር። ሙሽራ ሆኜ ስፈራ አያሳፍርም?»

የምስራች ቀጥ ብላ ቀረች። አውራ ጣቷ ጎድጓዳዋ ውስጥ ነበር። አሁን ማን እንዳለሰለሳት አወቀች። አንድ ትንሽ ልጅ ነው፤ እንደሷ የሚፈራ።

ጣሳው አጠገቧ ነበር። ማንም አያያትም። እጇን ብትሰድድ ይበቃ ነበር። የምስራች ግን እጇን ወደ ቀለሙ ዘረጋች። መዳፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት። ጋሽ ሱሌማን ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኩ። ዋሸሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለቅሶ ዋጠው።

ጋሽ ሱሌማን መነፅራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፤ የምስራችም አየችው።

«ለምን ሆዴ?»

የምስራች እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ነገረቻቸው። የአምናውን ሳቅ፣ የደወል ቤቱን ጀርባ፣ የነገውን ንባብ፣ ቁልፏ እንዴት እንዳረጋጋቻት፣ ከዋሸች በኋላ ደግሞ እንዴት እንዳስጨነቀቻት።

«ቁልፏስ ተገኘች፣ አልሃምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሱሌማን። «እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ‹ስጡኝ› ብትዪኝ ከጣሳው የፈለግሽውን እንደምሰጥሽ፣ ይቺ ደግሞ የሰው አደራ መሆኗን እንደምነግርሽ እንዴት አታውቂም? እኔ እኮ ያንቺን ቃል አምኜ ነው ኮምቦልቻ ድረስ የዞርኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ።»

ቀለሙ ዝቅ ብሎ ቁልፏን ተቀበላት። አውራ ጣቱን አሳረፈባት። አሁን ጣቱ አድጓል፤ ጎድጓዳዋን ሞልቶ ተረፈ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሙሽራ አይደል፣ ቶሎ ጠረገው።

«እጅሽን አምጪ እስቲ» አላት። ያዛት። «ኧረ በረዶ ነው! የኔን ደግሞ ንኪው።»

የምስራች ነካችው። የእሱም እጅ በረዶ ነበር። ሁለቱም ተያዩና ሳቁ።

ጋሽ ሱሌማን መርፌና ቡናማ ክር አወጡ። መርፌውን ወደ ብርሃን አዙረው ክሩን አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ። አልገባላቸውም። «ነይ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል» አሏት። ይህ ቃል ዛሬ ሌላ ሆኖ ተሰማት። የምስራች አፍንጫዋን ጠረገችና ክሩን አስገባች። ጋሽ ሱሌማን ስድስተኛዋን ቁልፍ በድርብ ክር ሰፏት። ቀለሙ ኮቱን ለበሰ። ከላይ እስከ ታች ቆለፈው። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

ቀለሙ ከሄደ በኋላ ጋሽ ሱሌማን ጣሳውን ወደ የምስራች ገፉት።

«አሁን ጠይቂኝ።»

«ጋሽ ሱሌማን፣ አንድ ቁልፍ ይሰጡኛል?»

«ምረጪ። ሀላል ይሁንልሽ።»

የምስራች አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ መረጠች። ጠርዟ ትንሽ ተሸርፏል። ጣሳው ውስጥ እንደሷ ያለ ሃምሳ ይገኛል።

«ስሚኝ» አሏት ጋሽ ሱሌማን። ከግራ ኪሳቸው አንዲት የልብስ ማስመሪያ ጠመኔ አወጡ። ከመለስለሷ የተነሣ እንቁላል መስላለች። «የሰው ውድ ጨርቅ ልቆርጥ መቀስ ባነሣሁ ቁጥር ይቺ በግራ እጄ ነች። እስከ ዛሬ ድረስ እፈራለሁ። ጣት የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ልብ ረጋ ይላል፣ ሐሳብም ይሰበሰባል። ቁልፍ ሊሆን ይችላል። የተቋጠረ ክር ሊሆን ይችላል። የሎሚ ፍሬ ሊሆን ይችላል። ምንም ባይኖር የልብስሽ ጫፍ አለ። ድምፅሽ ግን ከቁልፍ አይደለም የሚወጣው፤ ካንቺው ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ!»

ቅዳሜ እናቷ የምትሠራው ግማሽ ቀን ነው። ከሰርቪሱ ስትወርድ የምስራች ሮጣ ሄደች። ሌላ ሰው ሳይነግራት በፊት ራሷ ነገረቻት። ወይዘሮ ደጊቱ መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ተቆጣች፤ መቆጣትም ነበረባት። ከዚያ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «እንዲህ እንደምትጨነቂ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?» አለች። የምስራች የእናቷ ፀጉር ላይ ያለውን ጥጥ እየለቀመች ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው አወራች።

እሁድ ሆነ። አዳራሹ ሞልቷል። ልጆቹ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ከመድረኩ ጎን ተሰልፈዋል። የምስራች ነጯን ቁልፍ ጨብጣለች። ልቧ ይመታል፤ ግን ቁልፏ የራሷ ነች፣ ስትነካት የሚታያት ክፉ ነገር የለም።

ከእሷ በፊት የሚወጣው ምንተስኖት ነበር። ምንተስኖት ሰባት ዓመቱ ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቹ ወልቀዋል። አራት መስመር ግጥም ብቻ ነው ያለው። ስሙ ሲጠራ ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። መምህርት ሸዋዓለም እንደገና ጠሩት። ዓይኑ በሩን ይፈልግ ጀመር።

የምስራች ያንን ዓይን ታውቀዋለች። አምና የእሷ ዓይን ነበር።

መዳፏን ተመለከተች። ቀጥሎ የምትወጣው እሷ ነች። ቁልፍ ያላት አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ቁልፏን በምንተስኖት እጅ ውስጥ አስቀመጠች። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ስትፈራ በአውራ ጣትህ እሻት። አብሽር» አለችው በጆሮው።

ምንተስኖት ጭብጡን አጥብቆ ወጣ። አራቱንም መስመር አለ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ እየሾለከ ሁሉንም ሰው አሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እልል ተባለለት።

«የምስራች!»

ወጣች። እጇ ባዶ ነው። ልቧ ድው ድው አለ። «አቤቱ» አለች። ቀጥሎ ያለው ጠፋባት። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲጮህ ሰማች። «ይኸው ያ ሳቅ መጣ» አለች በልቧ።

ያኔ ጣቶቿ የነጠላዋን ዘርፍ አገኙት። በእጅ የተቋጨ ዘርፍ ነው፤ ቋጠሮው ብዙ ነው። አንዱን ቋጠሮ በአውራ ጣቷ ያዘች። ከዚያ ሁለተኛውን። ተነፈሰች።

«አቤቱ፣ ስለ ትንሹም ስለ ትልቁም ስጦታህ እናመሰግንሃለን…»

ድምፅዋ ወጣ። ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ፣ ከመስመር ወደ መስመር ሄደች። ልቧ መምታቱን አልተወም፤ እሷም ንባቡን አልተወችም። የመጨረሻውን ቃል ስትጨርስ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እናቷ ነበረች። እያለቀሰች ስለነበረ እልልታው ከመሐል ተሰበረባት፤ ሌሎች ሴቶች ተቀብለው ጨረሱላት።

ሰኞ ጋሽ ሱሌማን ሱቅ ስትደርስ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «ድምፅ ማጉያው እስከዚህ ድረስ ይሰማል እኮ። ማሻአላህ! መኪናዋን አቁሜ ነው የሰማሁሽ» አሏት። ጣሳውን ገፋ አደረጉላት። የምስራች ነጯን ቁልፍ ለማን እንደሰጠች ነገረቻቸው። ጋሽ ሱሌማን ሁለት ቁልፍ መርጠው በመዳፏ አኖሩ። «አንዷ ያንቺ። አንዷ ደግሞ ቀጥሎ ለሚፈራው» አሉ።

ማታ እናቷ በስልኳ የሠርጉን ፎቶዎች አሳየቻት። ቀለሙ ኮቱን ለብሷል። ሙሽሪት አጠገቡ ነች። በአንዱ ፎቶ ኬክ ይቆርሳሉ፣ በአንዱ ሽማግሌዎች ይመርቋቸዋል፣ በአንዱ ይጨፍራሉ። የምስራች ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሳቀች። በሁሉም ፎቶ ላይ የቀለሙ ግራ እጅ የታችኛዋ ቁልፍ ላይ ነበር።

ልጆቼ፣ ስትፈሩ ልባችሁን የሚያሳርፍ ትንሽ ነገር በየቤታችሁ ሞልቷል፤ ሳትጠይቁ የወሰዳችሁት የሰው ነገር ግን፣ ቁልፍ እንኳ ቢሆን፣ ልባችሁን አያሳርፈውም።